ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሚኒባስ

ፍርድ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው ክስ ማንሳት ከመክሰስ የሚቀል ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ታርቀን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ፣ ጠዋት ዲላ ሄጄ፣ "ትቻለሁ" ብዬ ፈርሜ፣ ለምሳ ጨለለቅቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ያ ቀን እንዳሰብኩት አልሆነም። አመሻሹ ላይ ስመለስ ጠዋት የወጣችዋ ሴት አልነበርኩም። ስለዚያ ቀን ልንገራችሁ።

መኪያ እባላለሁ። የተወለድኩት ቡታጅራ አካባቢ ነው። ሸምሱን አግብቼ ጨለለቅቱ ስገባ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ጌዴኦኛ የለመድኩት ከደንበኞች ጋር ስከራከር ነው። ሱቃችን መንገድ ዳር ናት። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ጆንያ፣ ለቡና ማድረቂያ አልጋ የሚሆን የሽቦ መረብ እንሸጣለን። ሸምሱ ሱቁን ለእኔ ትቶ አይሱዙ የጭነት መኪናችንን ይነዳ ነበር። ልጅ አላህ አልሰጠንም፤ ግን ቤታችን ሰው አጥቶ አያውቅም። ምክንያቱም ከጓሯችን ጀርባ እነጅግሶ ነበሩ።

ጅግሶ ቡና ሰብሳቢ ነው። ከገበሬው እሸት ቡና ገዝቶ ሬኮ ቀበሌ ላሉት የቡና ማጠቢያዎች ያቀርባል። የሚጭንለት ሸምሱ ነበር፤ ከጭነቱ በላይ ግን ጓደኛሞች ነበሩ። ሚስቱ ማርታ ደግሞ ለእኔ እህት ማለት ናት። በአጥሩ መሀል መተላለፊያ ስለነበረን በሩን ዞረን መሄድ አናውቅም። በረመዳን ለማፍጠሪያዬ ሾርባ ሠርታ ታቀብለኛለች፤ በገና ደግሞ እኔ ቤቷን ሳግዝ እውላለሁ። ሥጋ አንጋራም እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራችን ነበር።

ሸምሱ በድንገት ታሞ ሐኪም ቤት ሲሞት አስከሬኑን ከዲላ ያመጣው ጅግሶ ነው። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር። ማርታ ሐዘኑ እስኪያልቅ ከአጠገቤ አልተነሳችም።

ችግሩ የመጣው በአይሱዙው ነው። እኔ መኪና አልነዳም። ከባዕድ ለወዳጅ ይሻላል ተባለና ጅግሶ ገዛው፤ ከፊሉን በእጅ ሰጠኝ፣ ለቀሪው ቡና ሲሸጥ የሚመነዘር ቼክ ጻፈልኝ። ቀኑ ሲደርስ የቡና ዋጋ ወርዶ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው ገዥውም አልከፈለውም። ጅግሶ ሱቅ መጥቶ ትንሽ ታገሽኝ አለኝ። ለእኔ ብቻ ቢሆን እታገሠው ነበር። ነገር ግን ልጅ ስለሌለን የሸምሱ ወንድም ነስሩም ወራሽ ነው፤ ድርሻውን ይጠብቃል። ከቡታጅራ መጣና ቼኩን ይዘን ዲላ ባንክ ሄድን። በቂ ስንቅ፣ ማለትም በሒሳቡ ገንዘብ፣ የለውም ተብሎ ተመለሰ። "ወዳጅነት ሌላ፣ ደረቅ ቼክ ሌላ" አለ ነስሩ፤ በዚያው ለፖሊስም አመለከትን፣ ገንዘቡንም በፍትሐብሔር ጠየቅን።

ተሳስቼ ነበር ብዬ አይደለም ይህን የምነግራችሁ። ገንዘቡ የእኛ ነው፤ ቼክ የሚጽፍ ሰውም የሚጽፈውን ያውቃል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ልንከስ መሆናችንን ለማርታ ራሴ አልነገርኳትም። ከሰው ሰማችው።

ጅግሶ ገንዘቡን ሊያሳድድ አዲስ አበባ በነበረበት ጊዜ ቀጠሮ አመለጠው። ፍርድ ቤቱ ታስሮ ይቅረብ አለ፤ ፖሊሶች የያዙት በገበያ ቀን፣ በሱቄ ፊት ለፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዲላ ማረሚያ ቤት ቆየ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ መተላለፊያው በእሾህ ተዘግቷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ሰው ሚስማሩን ይገዛል፣ መልሱን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ድሮ ደጄ ላይ ካለችው አግዳሚ የማይጠፉት ሽማግሌዎች ጥላ ፍለጋ ወደ ማዶ ተሻገሩ። በረመዳን ብቻዬን አፈጠርኩ። አንዳንድ ቀን ማታ በሩን ስዘጋ፣ ከሂሳብ በቀር አንድ ቃል ሳልናገር እንደዋልኩ ትዝ ይለኛል። ነስሩ በስልክ ሱቁን ሽጠሽ ወደ አገርሽ ተመለሽ ይለኝ ነበር። ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር።

በመጨረሻ የጅግሶ ወገኖች ነገሩን ወደ ሶንጎ ወሰዱት። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚዳኙበት ቦታ ነው። ነስሩም መጣ። ሽማግሌዎቹ አንድ ቀን ሙሉ ካነጋገሩን በኋላ፣ የጅግሶ ወንድሞች የቡና ማሳ አከራይተው ዕዳውን እንዲከፍሉ፣ እኛም ወለዱንና ወጪውን እንድንተው፣ ክሱም እንዲነሳ ተስማማን። ገንዘቡ ተከፈለ። ነስሩ ድርሻውን ይዞ በዚያው ቀን ተሳፈረ። ሲሄድ ክሱን አንቺ ጨርሺው አለኝ።

እንግዲህ ብቻዬን ዲላ ሄድኩ።

የገንዘቡ ክስ በቀላሉ አለቀ። ደጅ ከተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ አጽፌ የእርቅ ስምምነቱን አያይዤ አስገባሁ። ዳኛዋ በገዛ ፈቃድሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኩ፤ እርቁን አጽድቃ መዝገቡን ዘጋችው። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ እነማርታን አየኋቸው። የጅግሶ ወንድሞች፣ የአክስቱ ልጆች፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው የመጡ ሰዎች፣ በመካከላቸውም የጅግሶ እናት እማማ ሎኮ፣ ነጠላቸውን አንጥፈው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። እኔ ማዶ ካለው ግድግዳ ጥግ ቆምኩ። ሰላም አልተባባልንም። ከእነሱ ጋር ያለውን ሰው ሁሉ ቆጥሬ፣ ከእኔ ጋር ማን መጣ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ማንም።

የቀረው የወንጀሉ ነበር። ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ናት፤ ወረቀቴን አንብባ ስትጨርስ በትሕትና መለሰችልኝ።

"እናቴ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ክስ አይደለም።"

"እኔ ነኝ የከሰስኩት" አልኳት።

"እርስዎ አመለከቱ። የከሰሰው መንግሥት ነው። ስለዚህ እርስዎ ሊያነሱት አይችሉም።"

ያስጀመርኩትን ነገር ማስቆም እንደማልችል የገባኝ ያኔ ነው። ልጅቷ አስቀምጣ አስረዳችኝ። እርቁ ምክንያት ሆኖ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ክሱን አነሳለሁ ብሎ ሊያመለክት ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን ኃላፊው ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ናቸው። መዝገቡ ከሰዓት በኋላ ለፍርድ ተቀጥሯል። አንዴ ጥፋተኛ ከተባለ እርቁ ቅጣት ለማቅለል ካልሆነ በቀር አይረዳውም። ሌላ ቀጠሮ ብትጠይቂስ አልኳት። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ስለተራዘመ ዳኞቹ ይፈቅዳሉ ብላ እንደማታስብ ነገረችኝ።

ወጥቼ ወደ ዛፉ አቀናሁ። ያቺ ግቢ ጠባብ ናት፤ ለእኔ ግን ከጨለለቅቱ ዲላ የሚያህል መንገድ ነበረች። ሁሉም አዩኝ። የተነገረኝን ነገርኳቸው። የጅግሶ ታላቅ ወንድም ተነስቶ፣ ገንዘቡን ከበላችሁ በኋላ ደግሞ ይሄ ምንድነው አለኝ። ማርታ አቀርቅራ ነበር። እማማ ሎኮ ልጃቸውን በእጃቸው ዝም አሰኙት። አማርኛቸው የተማሩትን ያህል ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ይጠራሉ።

"እሱ ምን ያድርግ" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። "እሱም እንደኛ መጣ፣ እንደኛ ቆመ።"

ስብሰባው ወዳለበት አዳራሽ ሄድኩ። ጥበቃው አላስገባም አለኝ፤ እውነቱን ነው። አጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናብ ጀመረ። ሻርፔን ሳብ አድርጌ እዚያው ሆኜ ስለ ጅግሶ አሰብኩ። ሸምሱን ቀብሮ ሲመለስ እጁ በጭቃ ተለውሶ፣ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ፣ ሳይታጠብ አልገባም ያለው ትዝ አለኝ። ይህን ሰው አሳስሬያለሁ፤ የማስፈቻው ቁልፍ ደግሞ በእኔ እጅ የለም።

ተሰብሳቢዎቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ኃላፊውን በመልክ ስለማላውቃቸው እያንዳንዱን የወጣ ሰው እየጠየቅኩ አገኘኋቸው። ጠና ያሉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ከሰዓት ቢሮ ነይ አሉኝ። ችሎቱ ከሰዓት መሆኑን ነገርኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ፣ የሚጠብቋቸውን ባልደረቦቻቸውን አዩ፣ ከዚያ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተከተይኝ አሉ። ቢሮ ገብተን ስምምነቱን ቀስ ብለው አነበቡ። መዝገቡን አስመጡ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ወይዘሮ መኪያ፣ ብቻሽን ሴት ነሽ፤ እነሱ ብዙ ናቸው። አስፈራርተውሽ ነው?"

"የሚያስፈራራኝ እንኳ የለም" አልኳቸው። "የሚያናግረኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። ይሄ ሰው ይፈታ፤ ሌላ የምፈልገው የለም።"

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ቢሮ፣ ልብሴ ውሃ እያንጠባጠበ ነው የተናገርኩት። እሳቸው መነጽራቸውን መልሰው አድርገው የወንጀል ክስ በየምክንያቱ እንደማይነሳ፣ ጅግሶ ግን ከዚህ በፊት ጥፋት እንደሌለበት፣ ዕዳውም ሙሉ በሙሉ መከፈሉን መዝገቡ እንደሚያሳይ ነገሩኝ። ከዚያ ልጅቷን ጠርተው ማመልከቻውን እንድታዘጋጅ አዘዟት። ፈረሙ። ማኅተሙ ሲያርፍ የጠረጴዛው ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል።

ችሎቱ ሲጀመር እነማርታ በቀኝ በኩል አግዳሚዎቹን ሞልተው ተቀመጡ፤ እኔ በግራ ብቻዬን። ጅግሶን በፖሊስ አስገቡት። ሰውነቱ ከስቶ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ። ወደ እኔ አልዞረም። ዐቃቤ ሕጓ ተነስታ ክሱን ማንሳቷን አመለከተች። ዳኞቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ። የመሀል ዳኛው እኔን አስነስተው ዕዳው መከፈሉን ጠየቁኝ፤ አረጋገጥኩ። ጅግሶን የምትለው አለ አሉት። የለም አለ። ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል፣ ተከሳሹ ይለቀቅ ሲባል ከቀኝ በኩል ለቅሶና ጸሎት አንድ ላይ ተነሳ። ሥነ ሥርዓት ተባሉ። ተነስቼ ወጣሁ። ማንም አላስቆመኝም።

መስጊድ ገብቼ የዓስር ሶላት ሰገድኩ። ከዚያ መናኸሪያ ስደርስ ገና ባይመሽም የጨለለቅቱ መኪና አልቋል። አንድ ሚኒባስ ብቻ ቆሟል፤ ረዳቱ "ጨለለቅቱ፣ አንድ ሰው" እያለ ይጣራል። ቀረብ ስል ውስጡ ያሉት እነሱ ናቸው። ጅግሶን ከማረሚያ ቤት አውጥተው በቀጥታ መጥተዋል፤ እሱ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጧል። ባዶዋ ቦታ ከኋላ፣ በማርታና በእማማ ሎኮ መካከል ነበረች። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ረዳቱ ግቢ እንጂ አለኝ፤ አልፈልግም፣ አድራለሁ አልኩት። ዲላ የማድርበት ዘመድ ግን አልነበረኝም፤ እነሱም ያውቃሉ።

እማማ ሎኮ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ።

"ና ግባ" አሉ። "ዝናብ መጣ።"

ገባሁ። ሰው ተጠጋግቶ አሳለፈኝ። ወናጎን እስክናልፍ የተናገረ አልነበረም። ሾፌሩ እንኳ ሙዚቃ አልከፈተም። ትከሻዬ ከማርታ ትከሻ ጋር ተጣብቋል፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር አንዳችን ሌላችን ላይ እንጫናለን፤ ከዚያ ሁለታችንም ራሳችንን እንሰበስባለን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰትና ቡና ተጠጋግተው በዝናብ ያበራሉ። እንዲህ ሰው በሞላበት ቦታ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ይርጋጨፌ ስንቃረብ ማርታ ፊቷን ሳታዞር፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

"በየጠዋቱ የሱቅሽ ቆርቆሮ በር ሲከፈት እሰማ ነበር።"

ወደ እሷ ዞርኩ።

"ልመጣ እነሳና እቀመጣለሁ" አለች። "ብመጣ ለባሌ ልለምን የመጣሁ ይመስላል። ያንን አልችልም።"

"እኔም" አልኳት። "እኔም ብመጣ ብሬን ልጠይቅ የመጣሁ ይመስላል ብዬ ነው የቀረሁት። አንቺ ደግሞ አጥሩን ዘጋሽው።"

"ዘጋሁት። ክፍት ሆኖ ሳለ አለመምጣትሽን ማየት አቃተኝ፤ እሾህ ካለ ግን በእሾሁ ነው የቀረችው እላለሁ።"

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም። መኪናው ሲታጠፍ ግን ራሷን አልሰበሰበችም። እኔም አልሰበሰብኩም። እማማ ሎኮ እንቅልፍ ወስዷቸው ጭንቅላታቸው ክንዴ ላይ አርፎ ነበር፤ ክንዴ ደንዝዞም ቢሆን ሳላንቀሳቅስ ጨለለቅቱ ደረስን።

ስንወርድ የሚቀበላቸው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ሁሉም ጅግሶን ሊያቅፍ ይሻማል። ቦርሳዬን ይዤ በጎን ላልፍ ስል ከሰዉ መሀል ወጥቶ ከፊቴ ቆመ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ያየው ያኔ ነው። ሊሰድበኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቢሰድበኝም የሚቀለኝ ይመስለኝ ነበር።

"መኪያ" አለኝ። "በሕግ ጨርሰናል። በሽማግሌም ጨርሰናል። እኔና አንቺ ግን ገና ነን። ጊዜ ስጪኝ።"

እሺ አልኩት። ወደ ሰዎቹ ተመለሰ፤ እኔም ወደ ቤቴ። ከጓሮ ዝማሬያቸው ይሰማ ነበር። መብራት ሳላበራ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። እንደ ሌላው ቀን ብቻዬን ነበርኩ፤ ነገር ግን ከአጥሩ ማዶም በር ሲከፈት ጆሮ የሚጥል ሰው እንደነበረ አውቄያለሁ። ያንን ሁሉ ጊዜ እኔ ብቻ የተቀጣሁ መስሎኝ ነበር።

ወዲያው የተለወጠ ነገር የለም። ማርታ በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም አልመጣችም። ጥቂት ሳምንት አልፎ አንድ ጠዋት ጓሮ ቅርንጫፍ ሲጎተት ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ እሾሁን በገጀራ እየቆረጠች ነው። ጓንት አምጥቼ በእኔ በኩል ያለውን መጎተት ጀመርኩ። ብዙ አላወራንም። ሲያልቅ ውሃ ጠየቀችኝ፤ ገብታ ጠጣች፤ የሱቁን ወንበር ስባ እስከ ምሳ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹም ቀስ በቀስ ወደ አግዳሚዬ ተመለሱ። ነስሩ ደግሞ ሲደውል ሱቁን እንደማልሸጥ ነገርኩት። አገርሽ ላይ ዘመድ አለሽ አለኝ። እዚህም ያልጨረስኩት ነገር አለ አልኩት።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ያልተከፈላችሁን ገንዘብ ተዉ አልላችሁም። ፍርድ ቤት የተሠራው ለሰው ነው፤ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል። እኔም ዛሬ ያው ነገር ቢገጥመኝ ምናልባት እከስ ይሆናል። ነገር ግን መጀመሪያ በእግሬ ሄጄ፣ ለባልየውም ለሚስትየውም፣ ልከስ ነው ብዬ ዓይናቸውን እያየሁ እናገራለሁ። ከከሰስኩም በኋላ ሄጄ ደጃቸውን እረግጣለሁ፤ ቢያባርሩኝም ተባርሬ እመለሳለሁ። ክስ ጠበቃ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ዐቃቤ ሕግ አለው። በሁለት ሰው መሀል የገባውን ዝምታ ግን የሚያነሳ ቢሮ የለም። እዚያ በዝናብ ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ፊርማ የእስር ቤቱን በር ከፈተ እንጂ የጅግሶን ልብ አልከፈተም።

አሁን አይሱዙው በእሸት ጊዜ በቀን ብዙ ጊዜ በሱቄ ፊት ያልፋል። መሪውን የያዘው ጅግሶ ነው። መጀመሪያ ላይ ፊቱን ወደ ፊት እንዳደረገ ነበር የሚያልፈው። ቆይቶ ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ። በቅርቡ ደግሞ እጁን ከመሪው አንስቶ ሰላም አለኝ፤ እኔም ከባንኮኒው ሆኜ እጄን አነሳሁለት። ሱቄ ግን እስካሁን አልገባም። እኔም ና ብዬ አልጠራሁትም። ጊዜ ስጪኝ ብሎኛል፤ እየሰጠሁት ነው።